ብርቱካን የሆነው ቀይ

የአበባ ማመላለሻዋ መኪና በሦስተኛ ወሯ ወደ ማተሚያ ቤታችን ተመልሳ መጣች። አትመን ጎኗ ላይ የለጠፍነው ደማቅ ቀይ ጽጌረዳ ብርቱካናማ ሆኗል። የመኪናዋ ባለቤት የሄርዝል ጎዳና አበባ ነጋዴ ነው፤ አልጮኸም፣ ቆሞ ብቻ አሳየን። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከሷ በኋላ ሌሎች ሁለት መኪኖች ተከተሉ።

አለቃችን፣ በዕብራይስጥ መናሄል የምንለው፣ ጠራኝ። ቀለም የሚረጨውን የማተሚያውን ራስ በወቅቱ እንደማላጸዳ ሰምቻለሁ አለኝ። ከማን እንደሰማ አልነገረኝም። እስከ ሐሙስ ጥፋቱን ካላገኘሁ ማተሚያውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እኔን ወደ ጽዳት ይመልሰኛል። ጽዳትን አውቀዋለሁ፤ ቂርያት ቫይዝማን ባሉ መሥሪያ ቤቶች ዘጠኝ ዓመት ወለል ወልውያለሁ። ከዚያ ያወጡኝ አያ ናቸው።

አያ ስላቸው የሥጋ ዘመዴ ሆነው አይደለም። እንደኛው ከጎንደር የመጡ፣ በማተሚያ ቤቱ የቆዩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራውን እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ሲገቡ ብድግ ብዬ «ኖር» እላለሁ፤ «በእግዜር፣ ልጄ» ብለው ያስቀምጡኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደልኩም።

እንግዲህ ፍለጋ ገባሁ። የማተሚያውን ራስ እንደገና አጸዳሁ። ራሱ መደፈን አለመደፈኑን የሚያሳዩትን የሙከራ መስመሮች አተምኩ፤ አንድም የተቆረጠ የለም። ሙቀቱን ለካሁ፣ የምናትምበትን ተለጣፊ ፕላስቲክ፣ ቪኒሉን፣ ከሌላ ጥቅል ቀየርኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ መከላከያውን ሽፋን አልብሼው ይሆን ብዬ አንድ ሙሉ ቀን አቆየሁት። ወይ ፍንክች! ያልነካሁት ቀለሙን ብቻ ነበር። የቀለሙን ጠርሙስ የሚሞሉት አያ ናቸዋ! ሽማግሌ የሞላውን ከፍቶ መመርመር «ሌባ ነዎት» እንደማለት ነው፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። እኔ ነኝ ጅሏ።

ረቡዕ አያ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የቀለሙን ቁም ሣጥን ቁልፍ ተዉልኝ። ከፈትኩት። ከታች ጽሑፍ የሌለበት፣ ቀይ ቀለም የያዘ ጀሪካን አለ፤ ሽታው የኛ ቀለም ሽታ አይደለም። ከጀርባው ያልተከፈተ የፋብሪካ ቀይ ቀለም ጠርሙስ አገኘሁ። ከሁለቱም ቀዩን በቪኒል ቁራጭ ላይ አድርጌ፣ ሲደርቅ በአልኮል ጨርቅ አሸሁት። የፋብሪካው ንቅንቅ አላለም። የጀሪካኑ ጨርቁ ላይ ቀረ።

ሽማግሌ አይዘለልም ብዬ፣ ለመናሄሉ ሳልናገር መጀመሪያ ማታውኑ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አልካዱም። ርካሹን ቀለም ገዝተው በፋብሪካው ጠርሙስ ይሞሉ ነበር፤ ቆጣቢ ናቸው ተብለው ሲመሰገኑ ደስ ብሏቸው ቀጠሉበት። መኪኖቹ መመለስ ሲጀምሩ ፈሩ። ታዲያ የማተሚያውን ራስ አታጸዳም ብሎ የነገረብኝ ማን ነው አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉኝ። «ልጄ፣ አንቺ ወለል መወልወል ትችያለሽ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለኔ የተባለ አይመስለኝም ነበር። ቀለሙንስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። እኔን ከወለል ያነሡኝ ሰው ወደዚያው ወለል ሊመልሱኝ አስበውበት፣ ሄደው ተናግረው፣ በማግስቱ ደግሞ «በእግዜር፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ሐሙስ ሁለቱን ቁራጮችና ጀሪካኑን መናሄሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አገላብጦ አያቸውና «ቤሰደር፣ እሺ» አለ። ማተሚያው እኔው ጋ ቀረ፣ የቀለሙም ቁልፍ ተጨመረልኝ። አያን ጡረታቸው እስኪደርስ መቁረጫው ላይ አቆያቸው። ሰፈራችን ክፋር ማርሞሬክ ያሉ ሴቶች ሽማግሌ አዋረደች ብለው ያሙኛል አሉ። ይሙኛ!

እሑድ ጠዋት አያ ገቡ። እኔ የሙከራ መስመሮቹን እየቆጠርኩ ነበር። ጉልበቴ በልማዱ ሊነሣ ሲል በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩት። «ኖር»ም አላልኩም። እሳቸው በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ኮታቸውን እያወለቁ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ «በእግዜር፣ ልጄ» አሉ።