ጓድ ሞገስን ያገላበጥንበት ክረምት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዋና ነርሷ ሲስተር ዘውዴ ጥፍሬን አይተው መቀስ ሰጡኝ። “በሽተኛ በዚህ ጥፍር አይነካም” አሉኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ የነርስ ረዳት ነበርኩ። ልደታ ውስጥ በነበረች፣ አሁን በፈረሰች ትንሽ ሆስፒታል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። አሁን አያት ሆኜ ብዙውን በሽተኛ ረስቻለሁ። ጓድ ሞገስን ግን አልረሳሁትም፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ነው።

ቀይ ሽብሩ አልፏል፤ ደርግ ግን እዚያው ነው። ሞገስ የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ጠመንጃውን ተደግፎ ማን እንደቀረ ይለቅም ነበር። አንድ የክረምት ማለዳ በቃሬዛ አመጡት። መጀመሪያ ተቅማጥ ይዞት ነበር አሉ። ተቅማጡ ሲሻለው እግሩ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ እጁ ከዳው። አንዱ ምች ነው አለ፣ ሌላው የሰው እንባ ነው አለ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገው፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። “ሰውነቱን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ነርቭ እየመታ ነው” ብሎ አስረዳን።

“እዚያም ውስጥ ጥበቃ አለ?” አለች ከጎን አልጋ ባሏን የምታስታምመው ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ሐኪሙ ዞር ብሎ በሩን አየ። ሲስተር ዘውዴ በዓይናቸው ተቆጧት።

ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት “ሳትተነፍስ ቁጠር” ይለዋል። የደረቱን አቅም የሚለካው በዚያ ነበር። ቁጥሩ በየቀኑ እያነሰ ሄደ፣ በኋላ ድምፁም ጠፋ። ዓይኑን መክደን ስላቃተው እርጥብ የጎዝ ጨርቅ እናለብሰዋለን። ምግቡን በአፍንጫው ባስገባነው ቱቦ እንሰጠዋለን። ያያል፣ ይሰማል፣ ያመዋል፤ መናገርና መንቀሳቀስ ነው የማይችለው።

“መድኃኒት የለውም?” አልኩት ሐኪሙን።

“እኛ ዘንድ የለም። ትንፋሹ ከቆየለት በሽታው ራሱ ይለቀዋል። እስከዚያ ጀርባው እንዳይቆስል፣ አክታውም ሳንባው ላይ እንዳይተኛ ማገላበጥ ነው።”

ማገላበጥ በእኛ ክፍል የአስታማሚ ሥራ ነበር። አስታማሚ የሌለውን የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች ያገላብጡታል። ማንም አያዛቸውም፤ ልማድ ነው። ሞገስን ግን የጠየቀው ዘመድ አልነበረም፣ የጎን አልጋ አስታማሚዎችም ፊታቸውን አዞሩበት። ብቻዬን ሞከርኩ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ከአልጋው ሊወድቅብኝ ለጥቂት ነው የተረፈው። ዳሌው ላይ ቆዳው መላጥ ጀመረ።

ደሜ ፈላ። “ሌባውን አገላብጣችኋል! ሰካራሙን አገላብጣችኋል! ይኼ በሽተኛ አይደለም?” ብዬ ጮህኩ።

“በላይነሽ፣ እኔን ነው?” አለች ጥሩወርቅ። “ሰለሞንን ከቤቴ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። እያወቅሽ!”

አውቃለሁ። ሰለሞን የበኩር ልጇ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያየው የለም። እሷን ማስገደድ ግፍ ነው። እሱን መተውም ግፍ ነው። የቱ እንደሚብስ ጠፋብኝ።

በማግስቱ ላገላብጠው ከሥሩ ያለውን አንሶላ ብቻዬን ስጎትት መጣች። በወዲያኛው በኩል ጫፉን ጨበጠች።

“ይዳን!” አለች፣ እንዲሰማት ጮክ ብላ። “ድኖ ልጄን የት እንዳደረሰው ይንገረኝ።”

እንዲያ ሆነ። እኔ አንገቱን እደግፋለሁ፣ እሷ ወገቡን ትስባለች። እየሰደበችው ነው ታዲያ። “አንተ ግንድ! አጥሬን ስትዘል እንዲህ አልከበድክም!” ትለዋለች። ወዲያው ደግሞ ከጆሮው ሥር የተጣጠፈውን አንሶላ በእጇ ትዘረጋለታለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ሹክሹክታ ቢጤ። ያኔ የጥሩወርቅ ባል ድኖ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ እሷ ግን በጠየቃ ሰዓት ትመላለስ ነበር። መናገር መጀመሩን ስነግራት ቀጥ ብላ ራስጌው ቆመች።

“ሰለሞንስ?”

“መኪና ላይ ጫንኩት” አለ። “መኪናው ወደ ሜክሲኮ ታጠፈ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። እናቴ፣ እውነቴን ነው፣ አላውቅም።”

“እናቴ አትበለኝ።”

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ይዋሽ አይዋሽ ልለይ አልቻልኩም። ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ ሌላ አጋዥ መለመን ያዝኩ፤ ሰውየው ገና በራሱ መዞር አይችልም።

በነጋታው በጠየቃ ሰዓት መጣች። ፊቷ አብጧል። እንደ ልማዷ በወዲያኛው በኩል ዞራ ቆመች።

“ከእሱ የምትሰሚው አልቋል። ለምን መጣሽ?” አልኳት።

“በላይነሽ፣ አንሶላውን ያዢ።”

ያዝኩት። በምርኩዝ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ ተመላለሰች። ምክንያቷን አልነገረችኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋት።

ለወጣት ነርሶች የምለው አጭር ነው። ሽባ በሽተኛ በራሱ አይዞርም፣ ብቻችሁንም አታዞሩትም። የሚያግዛችሁ ሰው ሲመጣ ምክንያቱን አትመርምሩ፤ በሽተኛውን አዙሩት።