በብልቃጥ የታየው ቅቤ

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የልጅ ልጄን አንገት አይታ እድፍ አይደለም ባለች ዕለት ሳሙናዬን ጣልኩ። ዓመቱን ሙሉ "ታጠቢ" ስላት ነበር የከረምኩት። አንገቷን የከበበው ጥቁረት ስኳር ሰውነቷ ውስጥ መንገድ ሊስት ሲል የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል ተባልን። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወፍራም ናት፤ እኔም ገበያ ይዣት ስወጣ የተመቻት ልጅ እያልኩ እኮራባት ነበር። ባለቤቴን የወሰደብኝ ስኳር በሽታ ነውና፣ ነርሷ የደም ምርመራ ስታዝ ቀልድ ጠፋኝ። ለእኔ ይህ ብርቅ ነው።

ልጅቱ ሌሊቱን ሳትበላ አድራ ደም እንድትሰጥ ተነገራት። ጠዋት ከሰፈራችን ከቡርቃ ጃቶ ስንወርድ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴ፣ እናት እንደ ማለት፣ የሚላት ጎረቤታችን ቁርስ አቅርባ በሯ ላይ ቆማለች። በእኛ አገር ቁርስ ከቀረበበት ደጅ ሳይቀምስ የሚያልፍ ወይ የተቀየመ ነው ወይ የታመመ። ልጅቱ ለምን እንደማትቀምስ አስረዳኋት። አዴ ትንሽ አሰበችና፣

"እንግዲያው የእሷንም እርስዎ ይብሉላት" አለች።

ለዘመድ መሥዋዕት መሆን አይከብደኝም። ቅቤ የጠጣውን ጨጨብሳ ከነማሩ የሁለት ሰው በላሁ። ልጅቱ ደጅ ቆማ ምራቋን ዋጠች፤ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ላቦራቶሪው ጋ ወረፋው ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

"አካኮ፣ አንተ መጀመሪያ ካልተወጋህ አልወጋም።"

አካኮ እኔ አያቷ ነኝ። ባለሙያው ፍርሃቷን አይቶ ከእኔም ሊቀዳ ተስማማ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሰጠሁ፤ እሷ ሳትጨፍን ሰጠች።

ደማችን በማሽን ተሽከርክሮ ከተለየ በኋላ ባለሙያው ሁለቱን ብልቃጥ ይዞ ብቅ አለ። የእሷ ከላይ ጥርት ያለ ቢጫ ነው። የእኔ ወተት መስሏል።

"አባ፣ ምን በልተው ነው የመጡት?"

"የእሷን ድርሻ" አልኩት።

ልጅቱ ሳቀች። ከነርሷ ቀን ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። ለዚያ ሳቅ ብዬ ሌላም ሳህን በበላሁ ነበር።

ሐኪሟ ውጤቱን በቀስታ አስረዳችን። ስኳሯ ወሰኑ ጫፍ ላይ ደርሷል እንጂ አላለፈም፤ የደም ስቧ ከፍ ብሏል፤ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል አንሷል። መድኃኒት አላዘዘችላትም፤ ለስላሳ መጠጥ ይቅር፣ በየቀኑ ትንቀሳቀስ፣ ቤተሰቡም እሷ የምትበላውን ይብላ አለች። ለእኔ ደግሞ በሚቀጥለው በባዶ ሆድ እንድመጣ ነገረችኝ፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባኬ ጃማ እስከሚባለው ሰፈር በእግር እንሄዳለን። እኔ ነኝ የምሸኛት ብዬ አወራለሁ፤ ያየን ግን ማን ማንን እንደሚጎትት ያውቃል።

ክረምቱ ሲወጣ ለድጋሚ ምርመራ ወረድን። አዴ በሯ ላይ ነበረች፤ ሳህኑን ከድናለች። "ስትመለሱ" አለች። አዴን ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበዳት እኔ አውቃለሁ፤ አምላክ ያክብርልኝ።

የልጅቱ ስኳር ከወሰኑ ወርዷል። የደም ስቧ ገና ይቀረዋል። የእኔም ብልቃጥ ጠርቶ ወጣ፤ ልጅቱ ትከሻዬን መታ አድርጋ "ጎበዝ" አለችኝ፤ ለእሷ ያዘጋጀሁትን ቃል ቀደመችኝ።

ስንመለስ አዴ የቀቀለችውን አንጮቴ፣ ያን ድንች መሳይ ሥር፣ አቀረበችልን፤ ቅቤውን ለብቻው በትንሽ ሲኒ አድርጋለች። ልጅቱ አመስግና ሲኒውን ወደ አዴ መልሳ ገፋችው። እኔም አመሰገንኩ፤ ሲኒውን ግን በዓይኔ እስከ ጓዳ ሸኘሁት።