ልጅ እንደሌላት የተመሰከረላት እናቴ

እናቴ በዕድሜዋ ልጅ ወልዳ እንደማታውቅ በአውራ ጣቷ ፈርማ፣ ሦስት ምስክር አቁማ፣ የአሮጊቶች መጦሪያ ገባች። ልጇ እኔ ነኝ። ከኔ ሌላ አልወለደችም፤ እኔንም አልወለድሁም አለች።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው እኔ አብደራፊ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለሁ ነው። ገንዳ ውሃ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከእናቴ ጋር በኪራይ የምንኖርባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችን። ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ቆይታለች፤ የሷን ነገር እዚህ አላነሳም፣ ለሷ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። በዚያች ክፍል በሚያዝያ ሙቀት ሰው ተቀምጦ ይበስላል። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ አንድ ዐይኗም ከደከመ ሰንብቷል። አጨዳ ስሄድ ለጎረቤት አደራ እላለሁ፤ ጎረቤቷም አደራውን ለሌላ ጎረቤት ታስተላልፋለች። አጨዳው አልቆ ወገቤን ይዤ ስመለስ በሩ ተቆልፏል።

"እናትህማ ተሹመዋል" አለችኝ ጎረቤታችን። "ከአስፋልቱ ማዶ መጦሪያ ገብተዋል።"

መጦሪያውን ያሠራው አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። አልዋሽም፣ ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ግቢው የኒም ዛፍ አለበት፤ አሥራ አራት አሮጊቶች እያንዳንዳቸው በገመድ የተጠለፈ አንገረብ አልጋ፣ ፍራሽና አጎበር አላቸው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ግን ከአንዱ መኝታ ክፍል ይሰፋል። "ጧሪና ቀባሪ ለሌላቸው እናቶች" ይላል። ከሥሩ ነጋዴው አንዲት አሮጊት አቅፎ የተነሣው ፎቶ አለ። አሮጊቷ ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከግቢው አሮጊቶች አንዳቸውም አይደሉም።

የሄድሁ ቀን ዘበኛው "ምናቸው ነህ?" ሲለኝ ገና አፌን ስከፍት እናቴ ከኒሙ ሥር ብድግ አለች።

"የሰፈሬ ልጅ ነው! የሰፈሬ ልጅ!"

እንዲያ ስትፈጥን ከልጅነቴ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ዳር ወሰደችኝ።

"አፍህን ያዝ። እዚህ ልጅ ያላትን አይቀበሉም።"

"ምን አልሻቸው ታዲያ?"

"አልወለድሁም አልኋቸው።"

"እኔስ?"

"አንተማ አለህ። ሞተ ማን አለ? ሞቶብኛል በዪ ብለው መክረውኝ ነበር፣ እምቢ አልሁ። በቁም ሰው ላይ ሞት አይጠራም፣ ሟርት ነው። ጭራሽ አልተወለደም ብል ግን ምን ትሆናለህ? ምንም አትሆን።"

ለጤናዬ ስትል ነው እንግዲህ ያልወለደችኝ።

ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቅኋት። ሁለቱ ሠርጌ ላይ በልተው ጠጥተው የሄዱ ናቸው። ሦስተኛው የክርስትና አባቴ ናቸው፤ በአርባ ቀኔ ታቅፈውኝ ቤተ ክርስቲያን የቆሙት። "እኚህ ሴት ልጅ እንደሌላቸው ከድሮ ጀምሮ አውቃለሁ" ብለው ፈርመዋል። የመጦሪያው ኮሚቴ አባል ናቸውና ፊርማቸው ይከበራል።

"ተነሺ እንሂድ" አልኋት።

"ወዴት?"

"ወደ ቤታችን።"

"ወደዚያች ምድጃ? አንተ ልጅ፣ እዚህ በቀን ሦስቴ እበላለሁ። መድኃኒቴን በሰዓቱ ይሰጡኛል። ከሰው ጋር እስቃለሁ፣ እጣላለሁ። ቤት ምን አለ? አንተ አለህ። አንተም የለህም፣ አብደራፊ ነህ።"

ብቻዬን ወደ ምድጃዋ ተመለስሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘበኛው ድንበር ላይ የጭነት ሥራ አግኝቶ ሄደ። የመጦሪያው አስተዳዳሪ፣ ከጎንደር የመጣች ወጣት ሴት፣ የበር መዝገብ የሚይዝ ማንበብና መጻፍ የሚችል ዘበኛ እንደምትፈልግ ሰማሁና ሄድሁ። ማንበብ የተማርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ቀበሌው ውስጥ በጎልማሶች ትምህርት፣ የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም፤ የሲሚንቶ ከረጢት ሳይቀር። አስተዳዳሪዋ ስሜን አስጻፈችኝና "ፊደልህ ትልልቅ ነው፣ ለመዝገብ ይሆናል" ብላ ቀጠረችኝ። የማን ልጅ እንደሆንሁ አልጠየቀችም።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአሮጊቶቹን ስም ከፋይል ገልብጬ በየበራቸው መለጠፍ ነበር። የእናቴን ፋይል ገለጥሁ። "የቤተሰብ ሁኔታ" ከሚለው ሥር "ልጅ፦ የለም" ይላል። ከሥሩ አውራ ጣቷ አለ። ከአፏ የሰማሁት ነገር ነው፤ ሰምቼም አድሬበታለሁ። በቀለም ተጽፎ ማኅተም ተመቶበት ሳየው ግን የፋይል ሳጥኑ ላይ ተቀመጥሁ። አርባ ዓመት አልፎኝ ፊደል የቆጠርሁት ለካ ይህን ላነብ ነው።

ኋላ የሌሎቹን ገለጥሁ። አሥራ አራቱም "የለም" ይላሉ።

የበሩ መዝገብ አራት ዓምድ አለው፦ የጎብኚው ስም፣ የመጣበት ሰዓት፣ ሊጠይቅ የመጣው ማንን እንደሆነ፣ ዝምድና። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎብኚዎች ይመጣሉ። አንዷ ፓፓያ ይዛ ትመጣለች፤ የምትጠይቃቸው አሮጊት አፍንጫ እንዳለ ፊቷ ላይ ተተክሏል።

"ዝምድና?" እላለሁ።

"በጎ አድራጊ" ትላለች ዐይኔን ሳታይ።

እጽፋለሁ። ከኋላዋ ያለውም በጎ አድራጊ ነው። ከሱ ኋላ ያለውም። አንዱን በጎ አድራጊ አሮጊቷ "ይህን ጨብራራ ፀጉር ይዘህ ነው ሰው ፊት የምትመጣ?" ብለው በጥፊ ሲሉት አይቻለሁ፤ አቀርቅሮ ተቀበላት። አስተዳዳሪዋ መዝገቡን እያገላበጠች "የዚህ ከተማ ሰው ለማያውቀው ሰው ያለው ርኅራኄ!" እያለች ትደነቅ ነበር። ለለጋሾች በምትልከው ሪፖርትም አስገብታዋለች።

እኔ በጎ አድራጊም አልነበርሁም። ዘበኛ ነበርሁ። እናቴ ሰው ባለበት "ዘበኛው" ትለኛለች፣ ሰው ከሌለ "ሸሚዝህን እጠብ" ትለኛለች። በየቀኑ አየኋት፤ ይህን አልክድም። እንደዚያ ዓመት ብዙ ቀን አብረን ውለን አናውቅም።

ከጎብኚዎቹ ሁሉ የማይቀረው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። የሚመጣው ከወሎ መጥተው እዚህ ላረጁ አንዲት እናት ነው። እኚያ ሴት እሁድ ጧት በሩ ድረስ መጥተው "አንተ ዘበኛ፣ የኔ በጎ አድራጊ አልመጣም?" ይሉኛል።

"መንገድ ላይ ነው፣ እማማ።"

"ቁርሱን ሳይበላ ነው የሚወጣ፣ ይህ ምናምንቴ" ይላሉ። በጎ አድራጊው ቁርስ እንደማይበላ ያውቃሉ።

መስከረም ላይ ወባ ያዛቸው፤ ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ። ነጋዴው መጣ። ድንኳን አስተከለ፣ ወንበር አስጫነ፣ ፎቶ አንሺም አመጣ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ጋቢውን ዘቅዝቆ ተቀመጠ። የገባው ሰው ሁሉ ወደሱ እየሄደ "እግዚአብሔር ያጥናዎ" ይላል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ "አሜን" ይላል። ሾፌሩ ወንበር ይሸከም ነበር። ወንበሩ ሲያልቅ ማስታጠቢያ አንሥቶ ለለቅሶ የመጣውን ሰው እጅ አስታጠበ። የእናቱን ለቅሶ በአስታጣቢነት ዋለ።

መቃብሩ ላይ አፈሩ ሲመለስ ግን አልቻለም። "እምዬ!" ብሎ ወደቀ። ነጋዴው ትከሻውን ይዞ አነሣው።

"አይዞህ ወንድሜ። ለባዕድ እንዲህ ማዘን ትልቅ ጽድቅ ነው።"

አጠገቡ የቆሙት የክርስትና አባቴ "እውነት ነው፣ ትልቅ ጽድቅ ነው" አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ያየሁት ሾፌሩን አይደለም። እናቴ ሞታ፣ ይህ ነጋዴ ጋቢ ዘቅዝቆ በሐዘኔ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ በር ስከፍት ነው። መጦሩንስ ይጡራት፤ እኔ አልቻልሁም፣ እሱ ችሏል፣ ምስጋናውን ይውሰድ። ለቅሶዋን ግን አልሰጠውም። እናቴን ራሴ ሳልቀብር ብቀር እውነትም አልተወለድሁም ማለት ነው።

ከቀብር ተመልሰን፣ ሾፌሩ ከግቢው ሊወጣ ሲል መዝገቡን ዘረጋሁ። ስሙን ጻፍሁ፣ ሰዓቱን ጻፍሁ፣ የሟቿን ስም ጻፍሁ። አራተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት።

"ምን ልበል?"

"እንዳሻህ" አለኝ።

በትልልቅ ፊደሌ "ልጅ" ብዬ ጻፍሁ።

ሰኞ አስተዳዳሪዋ መዝገቡን ይዛ መጣች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ልጅ ይላል።"

"ማንበብ እችላለሁ!"

"እኔም እችላለሁ።"

"ሰርዘው።"

"መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ አይቻልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ወደ ነጋዴው ደወለች። ኮሚቴው ተጠራ፦ ነጋዴው፣ አንድ ቄስ፣ የክርስትና አባቴና እሷ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አሮጊቶቹ ከኒሙ ሥር በለሆሳስ ጸሎት የያዙ መስለው ጆሯቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

ነጋዴው "ማን አዘዘህ?" አለኝ።

"እውነት ስለሆነ ጻፍሁ። ከፈለጋችሁ የሌሎቹንም አነባለሁ" ብዬ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥሁ። "ይቺ ባለፓፓያዋ በጎ አድራጊ፣ ልጅ። ይኸኛው በጎ አድራጊ፣ የልጅ ልጅ። ይኸኛው፣ በጥፊ የተመታው..."

"ይህ ሰው አብዷል" አለ ነጋዴው።

ወደ ክርስትና አባቴ ዞርሁ። "እርስዎ ይንገሯቸዋ። እኔ ማን ነኝ?"

"የክርስትና ልጄ ነህ" አሉ ሳያፍሩ።

"እናቴስ ማን ናት?"

"እሱን ማን ጠየቀኝ? እኔ የታቀፍሁትን ልጅ እንጂ ማን እንደወለደው አልመሰከርሁም።"

"በእጅዎ ፈርመው፣ አጥንትዎ ሳያፍር፣ አንቱ ከሃዲ..." ብዬ ገና ስጀምር ከኒሙ ሥር ድምፅ መጣ።

"ዝም በል! አንተ ልጅ፣ ዝም በል ብያለሁ! ክርስትና አባትህን ነው እንዲህ የምትል? እንዲህ ነው ያሳደግሁህ?"

እናቴ በትሯን ይዛ ቆማለች። ሁሉም ዞሮ አያት። ያለችው ነገር የገባት ዘግይቶ ነው። ግን የኔ እናት የተናገረችውን የምትመልስ ሰው አይደለችም።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አለች። "አዎ፣ ልጄ ነው። ስድ ሆኖ ወጥቶብኛል፤ ብክደው ይፈረድብኛል?"

አሮጊቶቹ ሳቁ። ቄሱም ወደ ግድግዳው ዞረው ሳቁ።

ነጋዴው አልሳቀም። ልጅ ያላቸው በሙሉ ይውጡ አለ። ቄሱ ረጋ ብለው "ልጅ ያላትን ካስወጣን ነገ ግቢው ውስጥ የሚቀረው ኒሙ ነው። ማንን እየጦርን ነው ልንል ነው?" አሉት። ነጋዴው አሰበ። ስለ አሮጊቶቹ ይሁን ስለ ሰሌዳው አላውቅም። ሰሌዳውን ያሠራው ጎንደር ልኮ እንደሆነ ግን ሁለት ጊዜ ተናገረ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሄደ፤ ከምሳ በኋላም ሌላ ሁለት ሳምንት ሄደ።

በመጨረሻ አዲስ ቅጽ ወጣ። ልጅ ያላት እናት፣ ልጇ ድኻ መሆኑን ፈርሞ ካመነ፣ መኖር ትችላለች። ስትሞት በለቅሶዋ ላይ የሚቀመጠው ልጇ ነው፤ ይህን ቄሱ በግድ አስገቡት። የእናቴ ቅጽ "ልጅ፦ አንድ፤ የመጦር ዐቅም የሌለው" ይላል። ሁለቴ አነበብሁት። በጣት አልፈረምሁም፣ ስሜን ሙሉውን ጻፍሁ።

አስተዳዳሪዋ ቅጹን ተቀብላ ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። የተጧሪ ቤተሰብ በግቢው ተቀጥሮ መሥራት አይችልም ይላል፤ ይህም በዚያው ስብሰባ የተወሰነ ነው። ዐቅም የሌለው የሚለውን ስፈርም ደመወዝተኛ ነበርሁ፤ ከወንበሩ ስነሣ እውነት ሆኗል። ቁልፉን አስረከብሁ።

እናቴ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

"አሁን ደስ አለህ?"

"አዎ።"

"ከሥራ ወጥተህ?"

"አዎ አልሁሽ እኮ።"

"ግትር" አለች። "ቁርጥ አባትህን።" ከዚያ ዳቦ በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ፤ የመጦሪያው ዳቦ ነው። እሁድ በጊዜ እንድመጣ፣ ሸሚዝም እንድቀይር ነገረችኝ። ሰሊጡ ደርሶ ስለነበር ከሳሉጎቹ ጋር፣ ከደጋ ለአጨዳ ከወረዱት የቀን ሠራተኞች ጋር፣ መኪና ላይ ወጣሁ።

ቅጹ የተፈረመው ጥቅምት 14 ቀን ነው፤ መቼ ተወለድህ ለሚለኝ ሁሉ ያን ቀን እነግራለሁ።