ከሪፖርቱ ያስቀረኋቸው ሦስት ገጾች

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንቱን ስዘረግፍ እንኳ ይቺን እያለፍኳት ኖሬአለሁ። አሁን መሸከሙ ሰልችቶኛል፤ እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። ከናዝሬት ተመድቤ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ በየቀኑ የማስበው ስለ ዝውውሬ ብቻ ነው። ታዲያ ግመል ላይ የሚጫን የቆርቆሮ የውሃ ዕቃ እንድነድፍ ታዘዝኩ። አርብቶ አደሩ ከዛፍ ሥሮች እየሠፋ ውሃ የሚይዝበትን፣ ሃን የሚሉትን ዕቃ እንዲተካ ነው የታሰበው። አስቀድሜ ተጠቃሚዎቹን መጠየቅ ስለነበረብኝ አርብቶ አደሮቹ ወደሚኖሩበት አውበሬ ሄድኩ።

ወንዶቹ ጥላ ሥር ተሰብስበው ትልቅ ይሁን አሉኝ። ውሃው ሩቅ ነው፣ ምልልሱ ይቀንስልን አሉ። ሴቶቹን ግን በየቤታቸው ነው ያነጋገርኳቸው፤ የምታስተረጉምልኝ የቢሯችን ጸሐፊ ፎዚያ ነበረች፣ የዚያው አገር ልጅ። ሴቶቹ ሁሉ ትንሽ ይሁን አሉ። የፎዚያ አክስት ሰሃራ ደግሞ ውሃ የሞላ ሃን አሸክማኝ ስንገዳገድ አይታ ሳቀችብኝ።

«ወላል፣» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «ወንዶቹ ግመሉን ይነዳሉ። ውሃውን ከመሬት አንስቶ የሚጭነው ማን እንደሆነ ጠይቀሃቸዋል? ሁለት ትልቅ ከምትሠራ አራት ትንሽ ሥራልን። ግመሉ እንደሆነ አይቆጥርም።»

አልጠየቅኋቸውም ነበር። ፎዚያ እያንዳንዱን ቃል ተረጎመችልኝ፣ እኔም ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ።

ኃላፊዬ ማስታወሻዬን ገልብጦ አየና፣ «ሕዝቡ ሁለት አፍ አለው እንዴ? አንድ አድርገህ አምጣ፤ ካልሆነ ተመልሰህ ጠይቅ» አለኝ። ተመልሶ መጠየቅ ማለት ለግጦሽ የተሰማራው ሰው እስኪመለስ አንድ ወቅት ሙሉ መጠበቅ ነው። ዝውውሬስ? ሥራውን ሳልጨርስ አይፈቀድልኝም። መልሱ እኮ እጄ ላይ ነበር፤ አራት ትንሽ ቢሆን ወንዶቹም ውሃቸውን አያጡ፣ ሴቶቹም ወገባቸው አይቆረጥ። ግን ያንን ለማስረዳት ንድፉን እንደገና መሥራት፣ መከራከር ሊኖርብኝ ነው። ሦስቱን ገጾች አወጣሁና «ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ትልቁን መርጧል» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንድ አድርግ አለኝ እንጂ ሴቶቹን አውጣ አላለኝም። ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ዕቃው ተሠርቶ ታደለ። ወደ ናዝሬት ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ አገልግሎቱን ለማየት ከፎዚያ ጋር አውበሬ ሄድን። ሰሃራ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ከምራቷ ጋር የቆርቆሮውን ዕቃ ውሃ ሞልተው ሲያነሱት አምልጧቸው እግሯ ላይ ወድቋል፤ አጥንቱ ደቅቆ፣ ወጌሻው አይገጥምም ብሏት ሄዷል። ቤተሰቡ ደግሞ ወደ ግጦሽ ሊጓዝ ዕቃ እያሰናዳ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ግመል ስትጭን የኖረች ሴት አሁን ከዕቃው ጋር እሷ ልትጫን ነው።

እኔን አልወቀሰችኝም። ወደ ፎዚያ ዞራ በሱማሌኛ ተናገረች፤ እስከዚያ ድረስ ቋንቋውን መስማት ለምጄ ነበር።

«ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪው ቀረሽ? ብትነግሪው ኖሮ እንዲህ አድርጎ አይሠራውም ነበር።»

ፎዚያ አልተረጎመችልኝም። ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። «ነግራኛለች» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? በተሰባበረው ሱማሌኛዬም ቢሆን እችለው ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የዕቃውን እጀታ መመርመር ጀመርኩ፤ ሰሃራ ፊቷን ከእህቷ ልጅ እስክታዞር ድረስ መረመርኩት።

 ተመልሰን ጅጅጋ ስንገባ ፎዚያ፣ «ዝውውርህ ደረሰልህ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ስንት ዓመት ሆነው፤ አሁንም ከባድ ዕቃ የምታነሳ ሴት ባየሁ ቁጥር ዓይኔን አዞራለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ አገር ናፍቆኝ ነበር ልል እችላለሁ። አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለማ። ያን ቀን ያልወጣኝን ብቻ እዚህ ልተወው፤ ሰሃራ፣ ፎዚያ ነግራኝ ነበር። አንድም ቃል ሳታጎድል ነግራኝ ነበር።