ከስም ሥር ያለ ቀን

የዝላቲና መተዳደሪያ የሰው እሮሮ ነው። ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ኮምፒውተር ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ገጽታ የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት አለ። እሷ እዚያ ተጠቃሚዎች የሚልኩትን አስተያየት እያነበበች ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታለች። "ፊደሉ ደቀቀብኝ"፣ "የቆሻሻ ቅርጫቱን የት አደረሳችሁት?"፣ "ይህን ሰማያዊ የመረጠ ሰው ዓይን አለው?" ሁሉንም ታነባለች፣ ለሁሉም መልስ ትጽፋለች። ሰው እውነቱን የሚናገረው ሲያማርር ነው ባይ ናት። ልክም ናት፤ የሚያመሰግን ሰው ግማሹን ለይሉኝታ ነው የሚያመሰግነው።

ባለፈው ፀደይ አዲሱ ገጽታ ወጣ። የነደፈው ካሎያን የሚባል፣ ውጭ አገር አድጎ የተመለሰ ወጣት አለቃዋ ነው። ኮምፒውተሩ ጥቂት ሥራ ሲፈታ የባለቤቱ ፎቶ ስክሪኑ መሃል ላይ ይመጣል። ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ከፎቶው ሥር ሙሉ ስም፣ ከስሙ ሥር ሰውየው መጨረሻ የገባበት ቀንና ሰዓት። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ዓይን ይስባል። ግን በዚያ አገር ፎቶ በጥቁር መስመር ተከቦ፣ ስምና ቀን ከሥሩ ሰፍሮ የሚታየው ሰው ሲሞት ነው። ወረቀቱ በየበሩ፣ በየዛፉ ግንድ፣ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጠፋል፤ በአርባው ይታደሳል፣ በዓመቱም ይታደሳል። ይህን የማያውቅ በድርጅቱ ውስጥ ካሎያን ብቻ ነበር፤ የሚያውቁት ደግሞ አለቃ ላለማስቀየም ዝም አሉ።

እሮሮው ጎረፈ። አንዷ፣ "አማቴ ፎቶዬን አይታ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ፊቷ ላይ ግን ኀዘን አላየሁም" ብላ ጻፈች። አንድ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ከምሳ ሲመለስ ባልደረቦቹ ስክሪኑ ፊት ሁለት አበባ አስቀምጠው ጠበቁት። ሁለት አበባ የሬሳ ነው፤ ለቁም ሰው አንድ ወይም ሦስት ነው የሚሰጠው። ዝላቲና ይህን እያነበበች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

የሜቶዲ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ሳቋ ቀረ። ሜቶዲ ከተራራው ሥር ባለ መንደር የሚኖር፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ ነው። "ጥቁሩን መስመር ችዬዋለሁ" ይላል፤ "ቀኑን ግን አልቻልኩም። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የምከፍተው ሥራ ኖሮኝ አይደለም፣ ቀኑ እንዳይቆም ነው። ስሙ ሥር ቀን የቆመበት ሰው አለቀለት። የፊታችን ሰኞ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል እገባለሁ፤ አሥር ቀን ነው። ቀኑን ካላነሣችሁልኝ አልሄድም።"

ዝላቲና ደብዳቤውን ይዛ ካሎያን ዘንድ ገባች።

"አንድ ሽማግሌ ነው እኮ" አላት። "በመጸው በምናወጣው ማሻሻያ እናየዋለን። ደግሞ ጥቁር ጠርዝ ዘንድሮ ፋሽን ነው።"

"እዚህ አገርማ ሁልጊዜም ፋሽን ነው። ውጣና በሩ ላይ የተለጠፈውን እየው።"

ካሎያን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዝላቲና ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ለሽማግሌው ስልክ ደወለች።

"ጋሽ ሜቶዲ፣ ለስክሪን ብለው ነፍስዎን ሊያጡ ነው?"

"ስለ ነፍሴ ብዬማ ነው የጻፍኩልሽ።"

"ሐኪሙ ምን አለዎት?"

"ካልተቀደድክ የዘንድሮን ወይን አትቀምስም አለኝ። የሟርት ነገር!"

"እንግዲያው ይስሙኝ። ፈቃድ ከሰጡኝ እዚህ ሆኜ ኮምፒውተርዎን መክፈት እችላለሁ። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በስምዎ እገባለሁ፤ ቀኑ አይቆምም።"

"ትምያለሽ?" አላት ሽማግሌው።

"እምላለሁ።"

"እሺ። ሚስቴ ዶና እንዳታጠፋው እነግራታለሁ" አለ። ሰኞ ሆስፒታል ገባ።

ዝላቲና ቃሏን ጠበቀች። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሜቶዲ ስክሪን ስክሪኗ ላይ ይከፈታል፤ የንብ ቀፎዎች ፎቶ፣ የወይን ሥዕል ያለበት ፎልደር፣ ጥግ ላይ ሰዓት። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ በማታውቀው ቤት ውስጥ የማውሱ ቀስት ብቻዋን ስትንቀሳቀስ ይታያት ነበር። ደስ አይልም። ቀስቷን መሃል ላይ ትታ ፈጠን ብላ ትወጣለች። በሁለተኛው ሰኞ ግን ቀስቷን ሰዓቱ አጠገብ አገኘቻት፤ ቀኑም የእሁድ ሆኖ ጠበቃት። እሁድ ቢሮው ዝግ ነው። ሚስቱ ከፍታዋለች ማለት ነው፣ ጎበዝ ሴት፣ አለች በልቧ።

በዘጠነኛው ቀን በፖስታ ደብዳቤ መጣ፤ በእጅ የተጻፈ ነው። "የሜቶዲ ሚስት ዶና ነኝ። ባለቤቴ ረቡዕ ዕለት ከቀዶ ሕክምናው አልነቃም። ዐርብ ቀበርነው። ኮምፒውተሩ ግን ዛሬም ሁለት ሰዓት ላይ ገብቷል ይላል። ብልሽት ከሆነ እባካችሁ አትጠግኑት።"

ዝላቲና ክው አለች። አምስት ጠዋት ሙሉ የሞተ ሰው በር ስታንኳኳ ነበር። ወዲያው ደውላ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረባት፤ ስልኩን ግን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ብትናገር ያቺ ሴት ባሏን ሁለተኛ ትቀብራለች። ዝም ብላ ብታቆም ደግሞ ቀኑ ይቆማል። የማለችለት ሰው ደግሞ "በቃሽ" ሊላት አይችልም። እናም በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እንደገና ገባች፣ በሦስተኛውም፣ በሳምንቱም፤ ሰኞ ሰኞም ቀኑን እንደ በፊቱ የእሁድ ሆኖ ታገኘዋለች። እንቅልፍ አጣች። ሰው ሳይሆን ጥላ የሆነች መሰላት፤ በሰው ቤት እየገባች ደህና አደራችሁ የማትል።

በአርባኛው ቀን አልቻለችም። የሟች ነፍስ እስከ አርባው ከቤቱ አትርቅም ይባላል፤ ከዚያ በኋላ መግባቷ ኃጢአት መሰላት። አውቶቡስ ይዛ ወደ መንደሩ ሄደች። ዶና ቀጭን፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት፤ ለአርባው የተዘጋጀ፣ በስኳር የተለወሰ የተቀቀለ ስንዴ በኩባያ ሰጠቻት።

"ነፍሳቸውን ይማር" አለች ዝላቲና ስንዴውን ተቀብላ። "እትዬ ዶና፣ ከኮምፒውተሩ ድርጅት ነው የመጣሁት። እኔ ነኝ። የምገባው እኔ ነኝ። ጋሽ ሜቶዲ ሳይሞቱ በፊት አስምለውኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

ዶና አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ፈገግ አለች። "አውቃለሁ እኮ፤ ሊሄድ ሲል ነግሮኛል። አንዲት ልጅ ትገባልኛለች ብሎኝ ነበር።"

"ታዲያ ደብዳቤው?"

"እንዳትተዪኝ ብዬ ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ቦግ ይላል፤ እኔም ሻዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም።"

ዝላቲና ቀለል አላት፤ አለቀሰች፣ ሳቀችም። "እሁድ እሁድ ደግሞ እርስዎ እየተኩኝ" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

"እሁድ ምን?"

"እሁድ የሚከፍቱት እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ? የዚህን ዕቃ ማውስ እንኳ ነክቼ አላውቅም። ይለፍ ቃሉንም አላውቀው። እሁድም አንቺ ነሽ ብዬ እኮ ነው።"

"ልጅዎ ይሆናላ?"

"ልጄ የሚኖረው ቡርጋስ ከተማ ነው። ከቀብሩ ወዲህ አልመጣም።"

ሁለቱም ኮምፒውተሩ ወዳለበት ጓዳ በር ዞሩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የስክሪኑ ብርሃን ወለሉ ላይ ወድቋል። ዝላቲና ፈራች፣ እንደ ሕፃን ፈራች። ዶና ግን ኩባያውን ከእጇ ተቀበለቻትና ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

"እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አንቺ እረፊ፣ ልጄ" አለቻት። "ለካስ ራሱም ይችልበታል።"