በሐምሌ ካፖርት

ኮሎምበስ ውስጥ በምነዳው ባስ፣ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ታቅፋ ከዩኒቨርሲቲው ፌርማታ የምትሳፈር ሀበሻ ሴት አለች። ማስኳ ፊቷን ሸፍኖታል፤ የዓይኖቿን ድካም ግን አይሸፍንም። ወንበሯ ላይ ዘፍ ትልና ከቦርሳዋ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ታወጣለች። መስቀሏን ከማተቧ ጋር ታስራለች፤ ቀጥላም የጋብቻ ቀለበቷን ታጠልቃለች።

ባለትዳርነቷን ሥራ ቦታ የምትደብቅ መስሎኝ ነበር። አፌ አያርፍምና አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ክልክል ነው ጋሼ» አለችኝ። «ቀዝቃዛ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከሩቅ ተራራ ተቆፍሮ በመጣ በረዶ ውስጥ የድሮ ዘመን የብረት ብናኝ እንለካለን። ቀለበቴን ካላወለቅኩ ማሽኑ የተራራውን ትቶ የኔን ያነባል።»

ከዚያ ለሳምንታት ጠፋች። ስትመለስ ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር።

«እግዜር ያጽናሽ» አልኳት።

መስቀሏን አሰረች፣ ቀለበቷን አጠለቀች። ዕቃውን ግን አልዘጋችውም። ሌላ ሰፋ ያለ የወንድ ቀለበት አውጥታ አውራ ጣቷ ላይ አደረገችው። እዚያም ሰፋት። እንዳይወልቅ እጇን ጨብጣ እስከ መውረጃዋ ሄደች።