ለወይዘሮ ፀሐይ ብቻ የከፈተው ዌብሳይት

የዕድራችንን ዌብሳይት ላፕቶፔ ላይ ሠርቼ ጨረስኩና ኮንቴይነር በሚባለው የሶፍትዌር ማሸጊያ ወደ ሰርቨር አዛወርኩት። ሊንኮቹን ማስተካከል ግን ረስቼ ኖሮ፣ አድራሻቸው አሁንም "ይኸው ኮምፒውተር" ስለሚል የነካቸውን ሁሉ ወደ ሰርቨሩ ሳይሆን ወደየገዛ ኮምፒውተሩ ይልኩታል። አባላቱ "አይከፍትም" እያሉ ደወሉልኝ። የሊቀመንበራችን የአቶ ግርማ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ብቻ፣ "እኛ ቤት በደንብ ይከፍታል" አሉኝ።

ሊሆን አይችልም ብዬ እነሱ እስከሚኖሩበት ከተማ፣ አፕል ቫሊ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። አቶ ግርማ ፕሮግራመር ናቸው፤ ሥራ ሄደዋል። ወይዘሮ ፀሐይ በባላቸው ኮምፒውተር ሊንኩን ሲነኩት፣ አቶ ግርማ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እየሠሩት ያለ ሌላ ዌብሳይት ተከፈተ።

"አዲሱ የአፕል ቫሊ ዕድር፤ መሥራችና ሊቀመንበር አቶ ግርማ" ይላል።

ወይዘሮ ፀሐይ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

"የዕድራችን ስም ተቀየረ እንዴ?" አሉኝ።